የውርጌሳ ልጅና የዩኒቨርሲቲው በር

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ፣ ውጫሌን ተሻግሮ፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት ውርጌሳን ያገኛል። ነገር ግን አብዛኛው መንገደኛ ውርጌሳን አገኘ ከማለት ይልቅ አለፈ ማለት ይቀላል። አውቶቡሱ ለአንድ አፍታ ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ያሳፍራል፤ ልጆች ማንጎ የያዙ እጆቻቸውን ወደ መስኮቱ ይዘረጋሉ፤ ከዚያም መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። እኛ በዚያች ከተማ ተወልደን፣ ከማሽላ ማሳ ላይ ወፍ ጠብቀን፣ ከዚያ መስኮት ሥርም ቆመን ያደግን ስለ ሆንን፣ የሚያልፈው መኪና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የጀመርነው ገና ፊደል ሳንቆጥር ነበር። መንገዱ በደጃችን ያልፋል፤ መንገዱ የሚያደርስበትን ስፍራ ግን ብዙዎቻችን ዐድገን እንኳ አላየነውም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ለዕረፍት ወደ ትውልድ ቀያችን በሄድን ጊዜ ያየነውና የሰማነው ነገር ነው። ጉዳዩ የሁለት ልጆች ጉዳይ ነው። አንደኛዋ የእህታችን ልጅ ናት፤ ሁለተኛው ከእህታችን ቤት ጋር በአጥር የሚዋሰን የጎረቤት ልጅ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ተወልደው፣ በአንድ ቀን አንደኛ ክፍል ገብተው፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን አብረው የጨረሱ ናቸው። ዛሬ ግን አንደኛዋ በዩኒቨርሲቲ ስትማር፣ ሁለተኛው ከቀይ ባሕር ማዶ በሰው አገር ፍየል ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ርቀት የፈጠረው የአእምሮ ልዩነት ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። «ጋሼ፣ በትምህርትስ እሱ ይበልጠኝ ነበር» ብላ የነገረችን ራሷ የእህታችን ልጅ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። ምክንያቱ የፈተናው መሰረቅና የተማሪዎች መኮራረጅ ከልክ ማለፉ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባትም ከመቶ ኃምሳና ከዚያ በላይ ማምጣት ግዴታ ሆነ። በዚያ ዓመት ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ይህን ልክ ያሟሉት 29,909 ብቻ፣ ይኸውም ከመቶ 3.3 ያህሉ ሆኑ። በተከታዩ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267ቱ፣ ይኸውም ከመቶ 3.2 አለፉ። ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ ማሳለፍ አልሆነላቸውም።

ይህ ቁጥር በተነገረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። አንዳንዱ ልጆቹን ሰነፎች አለ፤ አንዳንዱ ፈተናውን ጨካኝ አለ። እኛ ግን እንደሚመስለን፣ ቁጥሩ በሽታውን ገለጠው እንጂ አላመጣውም። ትኩሳት የሚለካ መሣሪያ ሕመምተኛውን አያሳምምም። ሕመሙ ከዚያ በፊት በየመማሪያ ክፍሉ፣ መጽሐፍ በሌለበት፣ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ አቧራ በሚጠጣበት፣ አንድ መምህር የሦስት መምህራንን ሥራ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ተቀምጦ ነበር። ዓመታቱ ሲያልፉ ያለፉት ቁጥር ከፍ ማለቱ አልቀረም፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ደረሰ። ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ከመቶ ተፈታኞች ዘጠና የሚበልጡት አሁንም ከበሩ ውጭ መቅረታቸው አልተለወጠም።

ከእነዚህ ውስጥ ለኃምሳው ቀረብ ላሉት መንግሥት አንድ መላ አበጀ። መላውም የአቅም ማሻሻያ ትምህርት የሚባለው ሲሆን፣ ሕዝቡ «ሪሜዲያል» እያለ የሚጠራው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ኃምሳ ያላመጡ ተማሪዎች በውጤታቸው ተራ ተመርጠው፣ ዩኒቨርሲቲዎች መቀበል በሚችሉት መጠን ወደ ግቢ ይጠራሉ። ለሴቶች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆችና ለአካል ጉዳተኞች መቁረጫው ነጥብ ዝቅ ይላል። የተጠሩት ለጥቂት ወራት እንግሊዝኛን፣ ሒሳብንና እንደየመስካቸው ሌሎቹን ትምህርቶች ከመሠረቱ እንደ ገና ይማራሉ። በመጨረሻም ተፈትነው ያለፉት አንደኛ ዓመት ይገባሉ፤ የወደቁት ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ሁለቱ የውርጌሳ ልጆች የተለያዩት በዚህ በር ላይ ነው።

ልጆቹ ዐሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ ጦርነቱ አካባቢያችንን አዳረሰ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ እንደ ቆየች የታወቀ ነው፤ ሐብሩም፣ መርሳም፣ ውርጌሳም የዚያ መከራ ተካፋዮች ነበሩ። ሰው ሸሸ፤ ያልሸሸው ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያ ወራት የጎረቤታችን ልጅ ከእሱ የሚያንሱትን ልጆች በአንድ የሾላ ዛፍ ሥር እየሰበሰበ ሒሳብ ያስተምር እንደ ነበር ነግረውናል። ጥቁር ሰሌዳው የተነቀለ በር፣ ጠመኔው የከሰል ስባሪ ነበር። የእህታችን ልጅም ከተማሪዎቹ አንዷ ሆነች። እኩያው ብትሆንም ካልኵሌተር በሌለበት አገር የካሬ ሥር አወጣጥን የተማረችው ከእሱ ነው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የጠፋው ጊዜ አልተመለሰም። ልጆቹ ያላነበቡትን ምዕራፍ እንዳነበቡ ተቈጥሮ ወደሚቀጥለው ክፍል ተላለፉ። እንዲህ እያሉ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደረሰና የፈተናው ቀን ቀረበ። አንሶላቸውንና ዳቦ ቈሎአቸውን ይዘው፣ በወላጆቻቸው ተመርቀው፣ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከሁለቱ አንዳቸውም ከዚያ ቀን በፊት የዩኒቨርሲቲ ግቢ አይተው አያውቁም ነበር።

የእህታችን ልጅ ያን ቀን እንዲህ ስትል አጫወተችን። «ጋሼ፣ በሩ ላይ ተሰልፈን ተፈተሽን፤ ጥፋት እንዳለበት ሰው ልቤ ይመታ ነበር። ግቢው ከውርጌሳ የሚተልቅ መሰለኝ። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከማደሪያው ወጥቼ መመገቢያው ጠፋኝ። ማታ አልጋው በአልጋ ላይ የተደረደረ ሆኖ እወድቃለሁ ስል ሳልተኛ ነጋ። የመጀመሪያውን ቀን ፈተና ዐይኔ አየው እንጂ ልቤ አላነበበውም። እሱም ከዚያ ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹ጥያቄውን ዐውቀዋለሁ፤ ግን እጄ እንቢ አለኝ› አለኝ።»

ይህን ስትነግረን አንድ ነገር ወደ ልባችን ገባ። ፍተሻው ተገቢ መሆኑን አንክድም፤ ፈተናውን ከስርቆት ያዳነው እርሱ ነውና። ነገር ግን የገጠር ልጅ የዩኒቨርሲቲን በር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሊፈተሽና ሊፈተን በመጣበት ቀን ብቻ መሆኑ እጅግ ከባድ ነገር ነው። የከተማው ልጅ ያንን ግቢ ከአባቱ ጋር አልፎበታል፤ ታላቅ ወንድሙ ሲመረቅ ፎቶግራፍ ተነሥቶበታል፤ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ ወጥቶ ወርዷል። ስለዚህ ለፈተና ሲገባ የሚፈተነው በጥያቄው ብቻ ነው። የውርጌሳው ልጅ ግን በጥያቄውም፣ በሕንፃውም፣ በአልጋውም፣ በሌሊቱም ይፈተናል። ወረቀቱ ላይ የሚታየው ነጥብ የአንዱ ፈተና ብቻ ውጤት ይመስላል እንጂ የአራት ፈተና ድምር ነው።

ውጤቱ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሲነገር ሁለቱም ኃምሳ አላመጡም። እሱ ከእሷ በጥቂት ነጥብ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የአቅም ማሻሻያው መቁረጫ ነጥብ ሲወጣ ለሴቶች ከተወሰነው በላይ ሆና እሷ ገባች፤ እሱም ለወንዶች ከተወሰነው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ቀረ። በዚህ ሕጉን የምናማ እንዳይመስል ያስፈልጋል። የውርጌሳ ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አጥባ ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፍ የምትገልጠው፤ የተደረገላት ድጋፍ ዕዳ የመክፈል ያህል እንጂ ስጦታ አይደለም። እኛ ለማለት የምንፈልገው፣ አንድ ሙሉ ሕይወት ከጥቂት ነጥብ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ ቀድሞ ያልተሠራ ሥራ መኖሩን ያሳያል ነው።

እሷ ጥሪው ዘግይቶ ቢደርሳትም ሄደች። በዚያ ያገኘችውን ስትነግረን ፊቷ ይበራ ነበር። የሒሳቡ መምህር የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ከክፍልፋይ ጀመረ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ለተማረ ሰው ክፍልፋይ ማስተማር የሚያሳፍር መስሏት አንገቷን ደፋች፤ ቀና ስትል ግን ሌሎቹም ሁሉ ደብተራቸው ላይ ደፍተው በጥንቃቄ ሲጽፉ አየች። «ያልገባችሁ?» ሲል እጇን አወጣች። ይህን ያደረገችው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እዚያው አካባቢያችን በነበረችበት ትምህርት ቤት ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው ስለ ነበር አልገባኝም ማለት የሰውን ጊዜ መስረቅ ይመስላት ነበርና። አንድ ቀንም በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ልጣጭ አሳዩአቸው። በሥዕል ብቻ ታውቀው የነበረውን ሕዋስ በዐይኗ ስታየው፣ «ጋሼ፣ እውነት ነው ለካ!» አለችን። ለዓመታት ያጠናችውን ነገር እውነት መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው። ፈተናውን አልፋ ዛሬ በሚገባ እየተማረች ትገኛለች።

እሱ ግን አንድ ክረምት በውርጌሳ መንገድ ላይ ባጃጅ ነዳ። ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የሐብሩ ወጣቶች በጂቡቲ በኩል ወደ ኦቦክ ወረደ፤ ባሕሩን በጀልባ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ሳዑዲ ዐረቢያ ገባ። በዚያ መንገድ ስንቱ እንደሚቀር የአገራችን እናቶች ያውቁታል። እግዚአብሔር ይመስገንና እሱ በሕይወት አለ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ያ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ አንድ ጊዜ ለበዓል ሄደን በእህታችን ቤት ቡና ስንጠጣ፣ በር ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። እኛም፣ «አይዞህ፣ በክረምት አዲስ አበባ ወስደን እናሳይሃለን» አልነው። ክረምቱ መጣ፤ ሥራ በዛብን። የሚቀጥለውም መጣ፤ ሌላ ምክንያት አገኘን። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ምክንያት መፈለግ እንኳ አላስፈለገንም። ለእህታችን ልጅ ደብተርና ገንዘብ ልከናል፤ ለእሱም አንድ ጊዜ መጽሐፍ ልከናል። ነገር ግን የጠየቀን መጽሐፍ አልነበረም፤ ማየት ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ያህል ነገር ከለከልነው። ይህን ስናስብ ለሌላው ምክር ለመስጠት አፋችን ይከብዳል፤ ዳሩ ግን ከጥፋት የተማረ ሰው ዝም ቢል ጥፋቱን ሁለት ያደርገዋል።

ይህ የበር ጉዳይ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ ከፍተኛው ትምህርት እየሰፋ ሲሄድ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣው ተማሪ ማነስና የመምህራን እጥረት የጊዜው አሳብ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ፋኩልቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤታቸው የተመረጡ ተማሪዎች ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ በአዳሪነት ይማሩበት ነበር። ልጁ ፈተናውን ከመፈተኑ በፊት ግቢውን ለምዶ፣ መምህራኑን ዐውቆ፣ ከሌላ አገር ልጅ ጋር ተዋውቆ ይቈያል። ፈተናው ሲመጣ እንግዳ ሆኖ አይጠብቀውም። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ብዙዎች በመምህርነትና በሌላም ሥራ አገራቸውን አገልግለዋል።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከማምጣት ይልቅ ዩኒቨርሲቲውን ወደ ልጁ የሚወስድ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። አንድ የገጠር ተማሪ ዩኒቨርሲቲን በዐይኑ ባያይ እንኳ ከዚያ የመጣ ወጣት በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያያል፤ ጥያቄውን ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለ ሰው መሆን እንደሚቻል ይረዳል። የዚያ ዘመን ሥርዐት ብዙ ጕድለት እንደ ነበረበት ታሪክ መዝግቦታል፤ ትምህርት ቤቱም ለጥቂቶች ብቻ የተዳረሰ ነበር። ሆኖም ጕድለቱን ትተን ጥበቡን ብንወስድ የሚከለክለን የለም።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ አሳብ ሥራ ላይ ውሏል። በአሜሪካ ድህነትን ለመዋጋት በወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ሕግ መነሻነት፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አፕዋርድ ባውንድ» የሚባል ፕሮግራም ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከወላጆቻቸው አንዱም የመጀመሪያ ዲግሪ ያልያዘላቸው ወይም ኑሯቸው ዝቅተኛ የሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በትምህርት ወራት እየተደገፉ፣ በክረምት ደግሞ ለተወሰኑ ሳምንታት በኮሌጅ ግቢ ውስጥ እየኖሩ ይማራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እርዳታው የሚጀምረው ልጁ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ መሆኑ ነው። በእኛም አገር በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከሎች ተቋቁመው፣ የአካባቢውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምት እየተቀበሉ በቤተ ሙከራ ያሠለጥናሉ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ጅምር ነው። ጅምሩ ግን በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ዙሪያ ላለው ልጅ ይቀርባል። ከአውራ ጎዳናው ዳር ለተቀመጠችው ትንሽ ከተማ ልጅ የመኪናው መሳፈሪያና የማደሪያው ነገር ይቀረዋል።

እንግዲህ የምንለው ይህን ነው። የአቅም ማሻሻያው ትምህርት መልካም ነው፤ የእህታችንን ልጅ ያወጣት እርሱ ነው። ነገር ግን የሚመጣው ከውድቀት በኋላ ነው፤ የሚደርሰውም ለኃምሳው ለቀረቡት ብቻ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር ይል የለምን ያገራችን ሰው? በማሻሻያው ወራት ውስጥ የሚሰጠው ነገር፣ ይኸውም ክፍልፋዩ፣ ማይክሮስኮፑ፣ «ያልገባችሁ?» የሚለው ጥያቄና ግቢውን መልመዱ፣ ሁሉም ከፈተናው በፊት ሊሰጥ የሚችል ነው። ይህን ለማድረግም ሁልጊዜ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም።

ለምሳሌ ያህል የእኛን አካባቢ እንውሰድ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመ ነው፤ መርሳ ላይም ግቢ አለው። ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከውርጌሳ ተነሥቶ መርሳ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመት አንድ ቀን እንኳ እንግዳ ሆነው ገብተው ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን ቢያዩ፣ ምርምር ማዕከሉ ሄደው አባታቸው የሚዘራው ማሽላ እንዴት እንደሚሻሻል ቢጠይቁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያስቡት ነገር ያገኛሉ። ከዚያም ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ፈቃደኛ የሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች እየሄዱ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያግዙ፣ ለሚያግዙትም የተግባር ልምምድ ይሆንላቸዋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ በማሻሻያው በኩል አልፈው የገቡ ልጆች በክረምት ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ተመልሰው ስለ ወደቁበትና ስለ ተነሡበት ቢናገሩ ከማንኛውም አስተማሪ ይበልጥ ይደመጣሉ።

«መሠረቱ ሳይጠና ጣሪያ መሥራት ነው፤ መጀመሪያ የአንደኛ ደረጃውን ትምህርት እናስተካክል» የሚለን ሰው ይኖራል። አሳቡ እውነት አለው። ዳሩ ግን ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ሕፃን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ ዐሥራ አንድ ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ዐሥረኛ ክፍል ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ አይጠብቀንም፤ የኦቦክን መንገድ የሚመራው ደላላ ከእኛ ቀድሞ በደጁ ቆሟል። ደላላው ለልጁ የሚያሳየው ነገር አለው፤ ከሳዑዲ የተላከ ስልክና የተሠራ ቆርቆሮ ቤት ያሳየዋል። እኛ ግን ተማር ስንለው የምናሳየው ነገር የለንም። ያላየውን ነገር እንዲመኝ እንዴት እናስገድደዋለን?

የእረፍታችን ቀናት ሲያልቁ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር አደረግን። ብዙ አይደለም። አንድ ሚኒባስ ተከራይተን፣ ከወላጆቻቸው ፈቃድ ተቀብለን፣ ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል ዐሥራ አንድ ልጆች ይዘን፣ መምህር የሆነ ወዳጃችን ወደሚሠራበት አንድ ዩኒቨርሲቲ ወሰድናቸው። የእህታችን ልጅም አብራን ሄደች። በሩ ላይ እንደ ደንቡ ተፈተሹ፤ ነገር ግን ሊያዩ እንጂ ሊፈተኑ ስላልመጡ እየሣቁ ገቡ። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ከመደርደሪያው መጽሐፍ ስባ እያሸተተች ስታነብ አየናት። አንዱ ልጅ የተማሪዎቹን አልጋ ካላየሁ አልመለስም ብሎ አስቸገረን፤ ማየት ባይፈቀድለትም የእህታችን ልጅ በመሬት ላይ በእንጨት ሥላ አስረዳችው። «ላይኛው ላይ የተኛ ይወድቃል?» ሲላት፣ «አይወድቅም፤ ሦስት ቀን ያህል ብቻ ያስፈራል» አለችው። እኛ ከዐሥር ዓመት በላይ የመንግሥት ሥራ ስንሠራ ከጻፍናቸው ማስታወሻዎች ሁሉ ይህች መልስ የምትበልጥ መሰለን።

በነጋታው ልንሰናበት ወደ ጎረቤታችን ቤት ገባን። የልጁ እናት ቡና አፍልተው ጠበቁን። ልጃቸው ባለፈው ሳምንት ደውሎ እንደ ነበር፣ ድምፁ ደኅና እንደ ሆነ፣ ገንዘብ ግን ገና እንዳልላከ ነገሩን። እኛም የቆየውን ነገር መሸሸግ አልሆነልንምና፣ በአንድ ወቅት ዩኒቨርሲቲ እናሳይሃለን ብለን ቃል ገብተንለት ሳንፈጽም መቅረታችንን ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅናቸው። ሲኒውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ዐውቃለሁ ልጄ። አንተ መጣህ በተባለ ቁጥር ልብሱን ያጥብ ነበር» አሉን።

ለዚህ መልስ አላገኘንም። ሁለተኛውን ሲኒ ቀድተው ሰጡንና ከጓዳ ታናሽዬውን ጠሩት። ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሚኒባሱ ሲሄድ ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ የቀረ ነው። «ይኸ ደግሞ ዘጠነኛ ሊገባ ነው» አሉን። «እንዲያው ለአንድ ቀን ወስዳችሁ አሳዩልኝ። ማለፉንና መውደቁን አላህ ያውቃል። የሚሄድበትን አይቶ ይሂድ።»

ከዚያም እንደ ወሎ እናቶች ወግ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ እኛም አሜን አልን። ለመስከረም ቀን ቈርጠን ነው የወጣን። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ መምህራን፣ ሹማምንትና ተማሪዎችም እያንዳንዳቸው በየትውልድ ቀያቸው ልብሱን አጥቦ የሚጠብቅ አንድ ልጅ እንዳለ አስበው፣ ቀኑን ሳያራዝሙ ይቈርጡለት ዘንድ እንለምናለን።